እጇን ያዙ እንጂ አፏን አትያዙ

(ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሰፈራችን አዳራሽ ለተሰበሰቡ ወላጆችና ወጣቶች ያደረግኩት ንግግር ነው። መምጣት ያልቻሉ ሰዎች ስለጠየቁኝ እንዳለ ጽፌዋለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ! እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ እንደምን ዋላችሁ?

አያችሁ? ሁላችሁም በአንድ ድምፅ «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አላችሁ። ጥሩ መልስ ነው። ያደግንበት መልስ ነው። ግን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ይሄ ሁሉ ሰው ደህና ሆኖ ነው? ሌሊቱን ሳይተኛ ያደረ የለም? የቤት ኪራይ ያስጨነቀው የለም? ከልጁ ጋር ተኳርፎ የመጣ የለም? መልሱን ለእኔ ሳይሆን ለራሳችሁ መልሱት።

ዛሬ ስለ ስሜት እንድናገር ነው የጠራችሁኝ። በላካችሁልኝ ወረቀት ላይ ርዕሱ «ስሜትን መቆጣጠር» ይላል። ርዕሱን አልቀይርም፤ ግን «መቆጣጠር» የምትለው ቃል ላይ ጥያቄ አለኝ። ብዙዎቻችን መቆጣጠር ስንል መደበቅ ማለታችን ነው። ማፈን ማለታችን ነው። «ሆድ ይፍጀው» ማለታችን ነው። እሺ፣ ሆድ ይፍጀው። ግን ሆዱንስ ማን ይፍጀው?

ሦስት ነገር አነሳለሁ። አንደኛው፣ ያፈንነው ስሜት የት ነው የሚሄደው? ሁለተኛው፣ መጥፎ የምንላቸው ስሜቶች ሥራቸው ምንድን ነው? ሦስተኛው፣ ታዲያ ምን እናድርግ? ከዚያ በፊት ግን አንድ ታሪክ አለኝ። የምናገረው ሁሉ ከእሱ ነው የሚነሳው።

አባቴ ሲሞት እኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። ታናሽ ወንድሜ ዘጠኝ። ድንኳኑ ግቢያችን ውስጥ ተተከለ። እድርተኛው አግዳሚ ወንበሩን ይደረድራል፣ ጎረቤት እዝን ይዞ ይገባል፣ ይወጣል። እናቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ መሀል ቆማለች። ጮኸች። ደረቷን ልትደልቅ፣ ፊቷን ልትነጭ እጇን አነሳች። ያኔ የሰፈሩ ሴቶች «ያዟት! ያዟት!» አሉ። ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ እጇን ያዟት።

ልብ በሉልኝ። እጇን ነው የያዟት። አፏን አልያዙም። «ዝም በይ» ያላት የለም። «በቃሽ» ያላት የለም፤ ቢያንስ በዚያ ቀን የለም። አብረዋት አለቀሱ። ራሷን እንዳትጎዳ ግን እጇን አልለቀቁም።

በዚያው ሰዓት ወንድሜ የድንኳኑን ምሰሶ ይዞ ቆሟል። ከንፈሩ ይንቀጠቀጣል። አንድ አጎታችን መጣና ትከሻውን ይዞ፣ «ጎሽ የኔ አንበሳ! ከእንግዲህ የቤቱ አባወራ አንተ ነህ። ወንድ ልጅ አያለቅስም» አለው። አጎታችን ክፉ ሰው አልነበረም። ወንድሜን ከልቡ ይወደዋል። ሊያበረታው ነው። ወንድሜም ዋጠው። እውነቴን ነው፣ ሲውጠው አየሁት። ጉሮሮው ላይ የሆነ ነገር ወደ ታች ሲወርድ አየሁ። ከዚያ በኋላ አላለቀሰም። በሰልስቱ አላለቀሰም። በአርባው አላለቀሰም። ሰው ሁሉ «እንዴት ያለ ጎበዝ ልጅ ነው» አለ።

አንድ ድንኳን፣ አንድ ሐዘን ነው። እናቴን እጇን ያዟት። ወንድሜን አፉን ያዙት። ዛሬ የምላችሁ ነገር ሁሉ በእነዚህ ሁለት አያያዞች መካከል ነው ያለው።

ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልምጣ። ያፈንነው የት ይሄዳል?

እስቲ አንድ ነገር እንሞክር። ዓይናችሁን ጨፍኑ። ለግማሽ ደቂቃ ስለ ፈለጋችሁት አስቡ፤ ስለ ነጭ ጅብ ብቻ አታስቡ። ነጭ ጅብ እንዳይመጣባችሁ።

እሺ፣ ግለጡ። ነጭ ጅብ ያልመጣበት እጁን ያውጣ። አያችሁ!

ይህን ነገር ዳንኤል ዌግነር የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1987 ሞክረውታል። የእነሱ ጅብ ሳይሆን ድብ ነው፤ ነጭ ድብ። ተማሪዎችን «ለአምስት ደቂቃ ስለ ነጭ ድብ አታስቡ፤ ካሰባችሁ ደወል ምቱ» አሏቸው። ደወሉ ተመታ። የሚገርመው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። «አሁን ማሰብ ትችላላችሁ» ሲባሉ፣ ከመጀመሪያው እንዲያስቡ ከተፈቀደላቸው ሰዎች የበለጠ ድቡን አሰቡት። የተከለከለው ሐሳብ በሩ ሲከፈት ግር ብሎ ገባ።

ይሄ ሐሳብ ነው። ስሜትስ? ጄምስ ግሮስና ሮበርት ሌቨንሰን የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1993 ለሰዎች የሚዘገንን የቀዶ ሕክምና ፊልም አሳዩ። ግማሾቹን «ዝም ብላችሁ እዩ» አሏቸው። ግማሾቹን «ሰው ቢያያችሁ ምን እንደተሰማችሁ እንዳያውቅ አድርጋችሁ እዩ» አሏቸው። ሁለተኞቹ ተሳክቶላቸዋል፤ ፊታቸው ላይ ብዙም አልታየም። ውስጣቸው ግን? ምን ያህል እንደዘገነናቸው ሲጠየቁ፣ ካልደበቁት ሰዎች አላነሰም። በሰውነታቸው ላይ ደግሞ ጨመረ። ቆዳቸው ይበልጥ አላበው፣ የጣታቸው ደም ሥር ጠበብ አለ። ፊቱ ዝም ሲል ሰውነቱ መጮህ ቀጠለ ማለት ነው።

ይህን ሳነብ አያቶቼ ትዝ አሉኝ። አማርኛችን ይህን ያውቀዋል እኮ! «ቆሽቴ አረረ» እንላለን። «አንጀቴን በላኝ» እንላለን። «ሆዴ ባባ»፣ «ደሜ ፈላ»፣ «ሆዴን ባር ባር አለው» እንላለን። ስሜት ሰውነት ውስጥ እንደሚኖር ቋንቋችን ከጥንት ጀምሮ ሲነግረን ነው የኖረው። እኛ ነን ያልሰማነው።

አሁን ስለራሴ ልንገራችሁ። ይህን ለብዙ ሰው ተናግሬ አላውቅም።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት በነርስነት ሠርቻለሁ። የሕፃናት ክፍል እየሠራሁ ሳለ አንዲት ልጅ ነበረች። «እቴቴ» ትለኛለች። ለብዙ ሳምንት ተኝታለች። አንድ ቀን ሊነጋጋ ሲል አረፈች። እኔ ነበርኩ ተረኛ። ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ ግድግዳውን ተደግፌ ማልቀስ ጀመርኩ። አንዲት ከእኔ የምትበልጥ ባልደረባዬ መጣችና «ነርስ ሆነሽ ታለቅሻለሽ? ሂጂ ፊትሽን ታጥበሽ ነይ» አለችኝ። ሄድኩ። ታጠብኩ። ተመለስኩ። ለቀጣዩ ልጅ መድኃኒት ሰጠሁ።

ያን ቀን መታጠቤ ልክ ነበር። ሌሎች ልጆች ይጠብቁኝ ነበር። በዚያ ሰዓት ስሜትን አቆይቶ ሥራን መሥራት ችሎታ ነው። ጥፋቱ ሌላ ቦታ ላይ ነው። ያቆየሁትን ተመልሼ አልወሰድኩትም። በሚቀጥለው ጊዜ ታጥቤ መጣሁ። በሚቀጥለውም። በሚቀጥለውም። በስተመጨረሻ መታጠብ ራሱ አላስፈለገኝም። እንባው ቀረ። እኔም «ጠነከርኩ» አልኩ።

አንድ ቀን ልጄ ሰርተፊኬቱን ይዞ እየሮጠ መጣ። ሦስተኛ ወጥቷል። ከዚያ በፊት ደረጃ ውስጥ ገብቶ አያውቅም። እየዘለለ «እማዬ! እማዬ!» ይላል። እኔ ምንም አልተሰማኝም። ምንም። «ጎበዝ» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና «እማዬ፣ ተቆጥተሻል?» አለኝ።

ገባችሁ? ሐዘኑን የዘጋሁ መስሎኝ ነበር። ለካስ በሩ አንድ ነው። ሐዘን የሚገባበትም ደስታ የሚገባበትም ያው በር ነው። በኋላ ሳይኮሎጂ ስማር ይኸው ግሮስ ኦሊቨር ጆን ከሚባል ባልደረባው ጋር እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጣውን ጥናት አገኘሁ። ስሜታቸውን ማፈን ልማድ ያደረጉ ሰዎች መከፋታቸው አይቀንስም፤ ደስታቸው ግን ከሌላው ሰው ያንሳል። ሳነበው የልጄ ፊት መጣብኝ።

ወላጆች፣ ይችን ደግሞ ያዙልኝ። በዚያው ዓመት ኤሚሊ በትለር የምትባል ተመራማሪና ባልደረቦቿ የማይተዋወቁ ሴቶችን ሁለት ሁለት አድርገው ስለሚያስከፋ ነገር አወያዩ። በአንዳንዶቹ ጥንድ ውስጥ አንደኛዋን ብቻ «ስሜትሽን አታሳዪ» አሏት። የማን ደም ግፊት ጨመረ? የደበቀችው ብቻ አይደለም። ምንም ያልተነገራት፣ ፊት ለፊቷ የተቀመጠችውም ጨመረ! ልጆቻችን ፊት «ደህና ነኝ» ብለን ስንደብቅ አያውቁም ብለን እናስባለን። ያውቃሉ። ምን እንደሆነ አያውቁም እንጂ የሆነ ነገር እንዳለ ያውቃሉ። ስሙን ስላላወቁት ደግሞ «በእኔ ይሆን?» ይላሉ። ልጄ «ተቆጥተሻል?» ያለኝ ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ግን ፍትሐዊ ልሁን። ይኸው የበትለር ቡድን ከአራት ዓመት በኋላ ሌላ ነገር አሳየ። ራስን መግታት ቦታ በሚሰጠው ባህል ያደጉ ሰዎች ላይ የማፈን ጉዳቱ ቀለል ይላል። እንግዳ ፊት አለመቆጣት፣ ታላቅን ማክበር፣ ለቅሶ ቤት ጮክ ብሎ አለመሳቅ፣ ይሄ ሁሉ ማፈን አይደለም። ጨዋነት ነው፣ እኔም ልጆቼን አስተምረዋለሁ። አክብሬ ዝም ስል ወስኜ ነው፤ ዝም ያልኩት ፈርቼ ወይም አፍሬ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው። ከሁለቱ የቱ እንደሆነ ደግሞ ሰውየው ራሱ ነው የሚያውቀው።

ሁለተኛው ነጥቤ፣ መጥፎ የምንላቸው ስሜቶች ለምን መጡ?

ፍርሃት ባይኖርስ? በአሜሪካ አንዲት ሴት አለች፤ በሕክምናው ዓለም «ኤስ ኤም» በሚባሉ ሁለት ፊደላት ብቻ ነው የምትታወቀው። ባደረባት ብርቅ በሽታ ምክንያት አሚግዳላ የሚባለው የአንጎል ክፍሏ በሁለቱም በኩል ጠፍቷል። እባብ ሲያሳዩዋት ልንካው ትላለች። አትፈራም። የታደለች ይመስላል፣ አይደል? ግን በሕይወቷ በጩቤም በሽጉጥም ተዛትቶባታል። አደጋ ያለበትን ሰውና ቦታ የሚነግራት የለማ! ፍርሃት እኮ ዘበኛ ነው።

ቁጣም እንደዚያው ነው። ድንበራችን ሲታለፍ ይመጣል። ብዙ አልቆይበትም፣ ሁላችንም እናውቀዋለን።

መቆየት የምፈልገው ቅናት ላይ ነው። ስለ ቅናት ማንም አያወራማ! «ቀናሁ» ብሎ የሚናገር ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ልናገር። የልብ ጓደኛዬ ማስተርስ ልትማር ወደ ውጭ ስትሄድ ቀናሁ። ሽኝቷ ላይ አቅፌ ስሜያታለሁ። ከዚያ ስልኳን አላነሳ አልኩ። ስለ ራሴ «ምቀኛ ሆኛለሁ» ብዬ ደነገጥኩ። ለወራት በራሴ አፈርኩ።

አንድ ማታ ግን ቁጭ ብዬ ራሴን ጠየቅኩ። ምኗ ነው ያስቀናኝ? አገሩ ነው? አይደለም። ገንዘቡ ነው? አይደለም። ልብሷ? ቤቷ? አይደለም። ትምህርቱ ነው። መማር ፈልጌ ነበር፤ ለዓመታት ፈልጌ ለራሴም አልነገርኩትም። ቅናቱ ነው የነገረኝ። በሚቀጥለው መስከረም ማታ ለመማር ተመዘገብኩ። ዛሬ እዚህ የቆምኩት በዚያ ቅናት ምክንያት ነው። ጓደኛዬንም ደውዬ «ቀንቼብሽ ነበር» አልኳት። አለቀስን፣ ሁለታችንም። አማርኛ ለዚህ ስም አለው፤ «መንፈሳዊ ቅናት» ይለዋል። ከምቀኝነት ለይቶ ያውቀዋል። ምቀኝነት የሰውን ይነጥቃል፣ መንፈሳዊ ቅናት አንተን ያስነሳል። ግን አስተውሉ፤ ሁለቱም ሲመጡ መልካቸው አንድ ነው። በር ላይ እንዳዩት ካባረሩት የቱ እንደነበር አይታወቅም።

ደስታስ? ደስታንም እናፍናለን። ብዙ ስንስቅ «ኧረ ምን ሊያሰማን ነው» አንልም? ልጅ ሲፈነድቅ «ቀስ በል፣ ኋላ ታለቅሳለህ» አንልም? እባካችሁ፣ ይችን እንተዋት። ልጁ ኋላ ካለቀሰ ያኔ ያለቅሳል። አሁን ይሳቅ።

ሦስተኛው፣ ምን እናድርግ?

ለወጣቶቹ ልናገር። እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ ሁሉንም ነገር «ደብሮኛል» ትሉታላችሁ። ናፍቆትም «ደብሮኛል» ነው። እፍረትም «ደብሮኛል» ነው። ድካምም፣ ብቸኝነትም፣ ፈተና መውደቅም «ደብሮኛል» ነው። መድኃኒታቸው ግን አንድ ነው? የናፈቀው ሰው መደወል አለበት። የደከመው መተኛት አለበት። ያፈረው ለሚያምነው ሰው መናገር አለበት። ስሙን ካላወቅነው መድኃኒቱን ከየት እናመጣለን? ማቲው ሊበርማን የሚባል ተመራማሪ ከቡድኑ ጋር እ.ኤ.አ. በ2007 ሰዎች ያዩት ፊት ላይ ያለውን ስሜት በቃል ሲሰይሙት አሚግዳላ ረገብ እንደሚል በአንጎል ምስል አሳይቷል። እና ቃላቶቻችንን አውጡ። ከፋኝ፣ ቅር አለኝ፣ ሆድ ባሰኝ፣ ጨነቀኝ፣ ባዶነት ተሰማኝ። እስቲ ዛሬ ማታ «ደብሮኛል» ከማለታችሁ በፊት ሌላ ቃል ፈልጉ።

ለሁላችንም ደግሞ፣ ወደ ድንኳኑ እንመለስ። ወላጆቻችን ለስሜት የሠሩትን ቤት አስተውላችሁታል? መርዶ ለምንድን ነው ገና ጎህ ሳይቀድ የሚነገረው? ሰውየው ቤቱ ስላለ ነው። ወደ ሥራ ሳይወጣ፣ መንገድ ላይ ብቻውን ሳይሰማው። ዘመድ አስቀድሞ ተሰብስቦ ነው የሚገባው። ቤይሩትና ሪያድ ያሉ ልጆቻችን እንኳን መርዶ ሲኖር፣ በስልክ ከመንገር ይልቅ እዚያ ያሉ ጓደኞቻቸው ተፈልገው ቤታቸው ድረስ እንዲሄዱ ይደረጋል። ከዚያ ሦስት ቀን ድንኳን አለ። ከዚያ ሰልስት፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ ሙት ዓመት አለ። ሐዘን ሰዓት አለው፣ ቦታ አለው፣ ሰው አለው። ማታ ማታ ደግሞ ለማደር የመጡት ካርታ ይጫወታሉ፤ የሟቹን ጨዋታ እያነሱ ይስቃሉ። ልጅ ሆኜ ይሄ ያናድደኝ ነበር። አባቴ ሞቶ እንዴት ይስቃሉ? አሁን ገባኝ። እናቴ በሦስተኛው ማታ፣ እንባዋ ሳይደርቅ፣ አባቴ ከበቅሎ ላይ የወደቀበት ታሪክ ሲነሳ ሳቀች። ያው ድንኳን ውስጥ። ለቅሶውንም ሳቁንም የከለከላት አልነበረም።

እንዲህ ያለ ድንኳን ለሞት ብቻ ነው ያለን። ሥራ ለጠፋበት ሰው ድንኳን የለም። ለፈታች ሴት ድንኳን የለም። ፅንስ ለጨነገፈባት እናት ድንኳን የለም፤ «ወጣት ነሽ፣ ሌላ ትወልጃለሽ» ብለን አፏን ነው የምንይዛት። ጎረቤቶቼ፣ ለእነዚህም ቡና አፍልተን እንሂድ። ምክር ይዘን አንሂድ። ቁጭ ብለን እንስማ።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አልወርድም። ስሜት ሁሉ ይምጣ ስል፣ ሥራ ሁሉ ይሠራ ማለቴ አይደለም። ተናድጄ ነው ብሎ ሚስቱን የመታ ሰው ስሜቱን አልገለጸም። ሰው መታ። ቁጣው የራሱ ነው፣ ይሰማው፣ ይናገረው። እጁን ግን እንይዛለን። በደንብ እንይዛለን።

ደግሞም ሐዘኑ ለሳምንታት ካልለቀቀ፣ እንቅልፍና ምግብ ከዘጋ፣ «ብሞት ይሻላል» የሚል ሐሳብ ከመጣ፣ ይሄ የጎረቤት ቡና ብቻ የሚበቃው አይደለም። ጤና ጣቢያ እንሂድ። አማኑኤል ሆስፒታል እንሂድ። «አማኑኤል» የሚለውን ስም ስድብ ያደረግነው እኛ ነን። ስንት ሰው ድኖ የወጣበት ቤት ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ያሉት እኮ አባቶቻችን ናቸው።

የወንድሜን ነገር ሳልጨርስ ተውኩት።

ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነበር። ሰፈር ውስጥ አንድ ሽማግሌ ሞቱ። ወንድሜ ከሰላምታ በቀር አያውቃቸውም። የእድሩን ወንበር ሊያግዝ ነው የሄደው። አግዳሚውን ትከሻው ላይ አድርጎ ድንኳኑ ሲገባ፣ የሟቹ ልጅ «አባዬ፣ ማታ በሩን ማን ይከፍትልኛል» ብላ ጮኸች። ወንድሜ ወንበሩን አስቀመጠ። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ከዚያ የሆነውን መንገር ያስቸግረኛል። ሰዎች «ዘመዳቸው ነው እንዴ?» ይባባላሉ። ተደውሎልኝ ስደርስ ሁለት የማያውቃቸው አዛውንቶች ግራና ቀኝ እጁን ይዘው አብረውት መሬት ላይ ተቀምጠዋል። «አባዬን ነው» አለኝ። ሃያ ሁለት ዓመት። አዛውንቶቹ ማን እንደሞተበት አልጠየቁትም። ዝም ብለው ያዙት።

ዛሬ ጠዋት ወደዚህ ከመምጣቴ በፊት እናቴ ጋ ደወልኩ። «ደህና ነሽ?» አለችኝ። «ዛሬስ ፈርቻለሁ እማ፣ ብዙ ሰው ነው የሚሰበሰበው» አልኳት። ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ፣ «ብትፈሪስ ምን አለበት። ውሃ ይዘሽ ውጪ፤ አፍሽ ሲደርቅ ትጎነጫለሽ» አለችኝ።

ይኸው፣ ጠጥቼ ጨረስኩት። አመሰግናለሁ። ማይኩን ከኋላ ላሉት ስጡልኝ፤ እዚያ ጥግ ላይ ቀደም ብላ እጇን ያወጣች ልጅ ነበረች።